አንዱ ረድፍ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

አዲስ ደብተር። ያለፈውን ግማሽ ላይ ትቼዋለሁ፤ ይሄንን እንኳ እስከ መጨረሻው ልሙላው ብያለሁ።

ጠዋት ኃላፊዋ ጠርታ አዲስ ሥራ ሰጠችኝ። ቢሯችን የጠፉ ሰዎችን ያፈላልጋል። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ በወረቀት እየታተመ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነበር የሚለጠፈው። ሰው እየተጋፋ ቆሞ ያነበዋል፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ እርጥብ ጃንጥላ እያስደገፉበት ቀለሙ ይፈሳል። አሁን ወደ ድረ ገጽ ይገባል። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ስም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የጠፋበት ቦታ፣ የጠፋበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ «ሁኔታ»። እዚያ ላይ ሊጻፉ የሚችሉት ሦስት ቃላት ናቸው፦ «ፍለጋ ላይ»፣ «ተገኝቷል»። ሦስተኛውን እዚህ አልጽፈውም።

ኃላፊዋ አጥብቃ ያሳሰበችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ረድፉ ረጅም ስለሆነ ዓይን ይስታል፤ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ግራጫ አድርጊው አለችኝ። ይቺማ ምን አላት። አንድ መስመር ኮድ ጻፍኩ፤ ሰሌክተሩ፣ የሚቀባውን የሚመርጠው ትእዛዝ፣ ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን እያለ ግራጫ ይቀባል። ከምሳ በፊት ጨርሼ ሻይ ጠጣሁ።

መፈለጊያው ሳጥን መሥራቱን ለማየት የመጣልኝን ስም ጻፍኩበት። «አልተገኘም» አለ። ይሠራል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

እራት ላይ እማዬ ሰሞኑን ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ሠንጠረዥ እየቀባሁ ነው አልኳት። አባዬ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ ያን ሁሉ ዓመት አስተምረናት ቀለም ቀቢ ሆና አረፈችው አለ። ሳቅን።

የምን ሠንጠረዥ እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም አልተናገርኩም። የምሠራበትን ያውቃሉ፤ ግን እቤት ውስጥ የቢሮውን ስም ማንሳት ካቆምን ሁለት ዓመት ሆነን። ያኔ አያልቅበትን እናስመዝግበው ብዬ አፌን በከፈትኩ ቀን የተነሳውን ጠብ ሁላችንም እናስታውሳለን።

አያልቅበት ታላቅ ወንድሜ ነው። ወሬ ስለማያልቅበት እማዬ በልጅነቱ ያወጣችለት ስም ነው፤ የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው አይመስለኝም። ከወጣ አራት ዓመቱ። አባዬ ያን ቀን ያለው ይሄ ነው፦ «የጠፋ ሰው ሌላ ነው። እሱ በሩን አውቆ ነው የወጣው።» ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተዘጋ።

አባዬ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አንዴ ካለፈው ፌርማታ አይመለስም።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ሩጫ ብቻ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ለሙከራ ተተከለ። ማጣሪያ ጨመርኩ፤ ሰው ዕድሜና ቦታ ሲመርጥ ሌሎቹ ረድፎች ይደበቃሉ፣ የፈለገው ብቻ ይቀራል። ፈጣን ነው። ኃላፊዋ ደስ ብሏታል። ዳቦ ቆሜ በላሁ። ሳጥኑን እንደገና ሞከርኩት፣ «አልተገኘም»።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

መዝጋቢያችን ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የእያንዳንዱን ጠፊ ፋይል በቃላቸው ያውቁታል። ዛሬ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ልጄ፣ ሳጣራው ቀለሙ ይዘበራረቃል። ሦስት ግራጫ ተከታትሎ መጣብኝ» አሉ።

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ግን የቀን መቁጠሪያው ተበላሽቶብኝ ነበር፣ ስልክ ላይም አይከፈትም ነበር፣ ሰርቨሩም ነበር። ጋሼ፣ እሱ የመልክ ጉዳይ ነው፣ ሌላው ይቅደም አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ። ሰውየው አይከራከሩም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ዛሬ የመጀመሪያዋ ሰው በእኔ ገጽ ልጇን አገኘች።

ሰማያዊ ሻርፕ የለበሱ ሴትዮ ናቸው፤ ልጃቸው በሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረ። ለዓመት ያህል በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ ግድግዳውን ሲያነቡ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ራሳቸው አጣሩ፣ ከዚያ ድንገት ብድግ አሉ። አልጮኹም። ጥበቃውን አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው፣ ጃንጥላቸውን ረስተው፣ ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ማንንም አላናገሩም፤ ጋሼም ምሳ ላይ ነበሩ።

ኃላፊዋ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ደስታ ነው ብዬ ነበር። ደስታም ነው። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ቀናሁባቸው። አንዲት እናት ልጇን ስላገኘች የሚቀና ምን ዓይነት ሰው ነው?

ዓርብ፣ ሰኔ 14

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ከታላቅ እህታቸው ጋር መጡ። በፌስታል አዲስ ሱሪና ጫማ ይዘዋል፤ ልጄ ያለበት ድረስ ልውሰድለት ብለው ነው። ትናንት ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያመሰግን እንዳመሸ እህትየው ለጥበቃው ሲነግሩት ሰማሁ። ጋሼ ፋይሉን ከፈቱ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ትንሿ ክፍል አስገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ።

የሴትዮዋ ልጅ ያለው «ፍለጋ ላይ» ነው። «ተገኝቷል» የሚለው የእሱ አይደለም፤ ከእሱ ረድፍ በላይ ያለው ልጅ ነው የተገኘው። ሁለቱ ዕድሜያቸው አንድ፣ የጠፉበትም ወር አንድ፤ ሲጣራ ረድፎቻቸው ተደራርበው መጡ፣ ሁለቱም ግራጫ። ከታችኛውም ጋር ሦስት ግራጫ። ስሙ በግራ ጥግ፣ ሁኔታው በቀኝ ጥግ፣ መሃል ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ስክሪን። ዓይናቸው ከስሙ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲሄድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ሸርተት አለ። ይኸው ነው። አንድ ረድፍ።

ለቅሶ ጠበቅኩ። እህትየው አለቀሱ። ሴትዮዋ ግን፣ «ታዲያ ይሄ የተገኘው የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ጋሼ የልጁን ሁኔታ ነገሯቸው። ሌላ ከተማ ሆስፒታል ነው፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ንግግሩም ገና አልተስተካከለም።

«እናቱስ ታውቃለች?»

ጋሼ ለሦስት ሳምንት ስልክ እንደደወሉ፣ ቁጥሩ እንደማይሠራ፣ ቤተሰቡ ከተመዘገበበት ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ሰፈር ሳይለቅ እንዳልቀረ ነገሯቸው።

ሴትዮዋ ተነሱ። ፌስታሉን ለእህታቸው ሰጡ። በሩ ላይ ሲያልፉ አዩኝ። ገጹን የሠራሁት እኔ መሆኔን ማን ነግሯቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴ። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ፣ ሰላምታ ይሁን ሌላ። ትናንት የረሱትን ጃንጥላ አቀብያቸው ተቀበሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ቢሮ ማንም የለም። ስህተቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የጻፍኩት ሰሌክተር የሚቆጥረው ሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ረድፍ ሁሉ ነው። ማጣሪያው የደበቀውም ለእሱ እዚያው ነው፤ ሰው አያየውም እንጂ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለተኛው፣ አሥረኛውና አሥራ ስድስተኛው ብቻ ሲቀሩ ሦስቱም ግራጫ ይሆናሉ። ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔም አውቀዋለሁ። ሰኞ ዕለት ጋሼ ሲነግሩኝም አውቀው ነበር። የመልክ ጉዳይ ነው አልኩ።

ይቆይ ማለት ልማዴ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ረፋድ ላይ አያልቅበት ሲደውልልኝ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በሹክሹክታ፣ ቆይ እደውልልሃለሁ አልኩት። «እሺ፣ አትቸኩዪ» አለ። እሱ፣ ያ አፉ የማያርፈው ሰው፣ ሁለት ቃል። ከዚያ ስብሰባው ተራዘመ፣ ከዚያ ምሳ ሆነ፣ ከዚያ ረሳሁት። አመሻሽ ላይ ስደውል ስልኩ ተዘግቶ ነበር። ከአባዬ ጋር በጠዋት እንደተጣሉ የሰማሁት እቤት ስገባ ነው።

ምን ሊለኝ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ሻንጣዬን አበድሪኝ ሊለኝ ነበር። ምናልባት ምንም።

ሰኞ፣ ሰኔ 17

የቀለሙን ትእዛዝ አሁን ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮድ ቋንቋ ጻፍኩት። አንድ ሰው ባጣራ ቁጥር ኮዱ የሚታዩትን ረድፎች ብቻ ለይቶ ይሰበስባል፣ የድሮ ቀለማቸውን ያነሳል፣ እንደ አዲስ ይቆጥራቸዋል፣ ከዚያ አንዱን ነጭ አንዱን ግራጫ ያደርጋል። በመጀመሪያ ሙከራ ሁሉም ነጭ ሆነ። ቀጥሎ በዕድሜ ሲደረደር ተበላሸ፣ እዚያም ላይ እንዲቆጥር ነገርኩት። አሁን ልክ ነው። ግን መቶ ጊዜ እያጣራሁ አየዋለሁ። እጄን አላምነውም።

ኃላፊዋ ስለ ሴትዮዋ ሪፖርት ጻፈች። ስሜን አላስገባችም። እንድታስገባው ለመንኳት። ተይው ሥራሽን ሥሪ አለችኝ።

በረንዳ ላይ ሁለት የጽሕፈት ቤት ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ ቀለም ቢሳሳት ሰው ይሞታል እንዴ አለች። ሌላዋ፣ አንቺ ሴትዮዋን አላየሻትም አለቻት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ። ብቻቸውን አይደሉም።

አብራቸው አንዲት ቀጭን፣ እጇ በሳሙና የተላጠ ሴት አለች፤ ልብስ አጣቢ ናት። የተገኘው ልጅ እናት። ሴትዮዋ ቅዳሜን ሙሉ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ቤት ለቤት ሲጠይቁ ውለው፣ እሑድም ደግመው፣ ትናንት ማታ አግኝተዋታል። ቤት ቀይራ፣ ስልኳም ጠፍቶባት ነበር። እንዴት ነገሯት ብዬ ሲገቡ ያነጋገራቸውን ጥበቃ ጠየቅኩት። ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው መጀመሪያ «ልጅሽ በሕይወት አለ» ማለታቸውን፣ ውሃ እስክታቀርብላቸው ድረስ ሌላ ነገር እንዳልተናገሩ አጫወተኝ።

ጋሼ አጣቢዋን ስልክ ላይ አገናኟት። ልጁ መናገር ስለማይችል ነርሷ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛለት ነበር። አጣቢዋ በሩ እንደተከፈተ ረስታው ስለ ጣሪያው ማፍሰስ፣ ስለ ታናሽ እህቱ ፈተና፣ ስለ አከራያቸው ብቻ ስታወራለት ቆየች። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ይሰማሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስዘጋጅ የቆየሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ከማለት አላለፈም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ «አንድ ማታ ሙሉ ልጄ በሕይወት አለ ብዬ ተኝቻለሁ። ያንን ማታ እንዴት እንደምመልስልሽ አላውቅም» አሉ።

ተቆጥተው ይሁን አመስግነው፣ እስካሁን እያሰብኩት ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ሐሙስ ስለሆነ ሴትዮዋ መጡ። ኃላፊዋ አዲሱን ገጽ እንዲሞክሩልን ጠየቀቻቸው፤ እኔ ብሆን አልደፍርም ነበር። እሺ አሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። በቦታ አጣሩ፣ በዕድሜ አጣሩ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከስሙ እስከ ሁኔታው አነበቡልኝ። አሥራ አራት ረድፍ፣ አንድም አልሳቱም። የራሳቸው ልጅ ላይ ሲደርሱም እንደሌላው በእኩል ድምፅ አነበቡት።

ከዚያ በስም ልፈልግ ብለው መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል ጻፉ። ብሮውዘሩ ከዚህ በፊት የተጻፈ ስም ከሥሩ አወጣ።

«ይሄ ማን ነው?»

የሙከራ ስም ነው አልኳቸው።

ስሙን አነበቡት። ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ መታወቂያ አዩ፣ ቀስ ብለው። «ለሙከራ ከነአባት ከነአያት ይጻፋል?» አሉኝ።

መታወቂያውን ገልብጬ ያዝኩት። ሌላ አልጠየቁኝም። ስሙን ግን በራሳቸው ጣት ተጭነው ፈለጉት። «አልተገኘም»።

«አላስመዘገባችሁትም እንዴ?» አሉ። እንደ ወቀሳ አይደለም። ግር ብሏቸው ነው የጠየቁኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 23

እማዬ እሑድ እሑድ ሻይ ከጠጣን በኋላ ስልኳን ይዛ ጓሮ ትወጣለች። የት ነው የምትደውለው ብለን ጠይቀናት አናውቅም። ዛሬ ልብስ ላሰጣ ብዬ ተከተልኳት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት የተለመደውን ትላለች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ ስልኩን በቀሚሷ ጠርዝ ጠራርጋ ኪሷ ከተተች።

አየችኝ። «ይቺ ልጅ ድምጿ ጎርናና ሆነ፤ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ» አለች።

ዛሬ ላስመዘግበው ነው ብዬ ልነግራቸው ነበር። አባዬ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሰበብ ነው። ከፍ ባያደርገውም አልናገርም ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

የምዝገባ ቅጽ ከጋሼ ወሰድኩ። ለማን ነው አላሉኝም። ሁለት ቅጂ ሰጡኝ፤ አንዱ ቢበላሽ ብለው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

ከሰዓት በኋላ። ዝናብ። እማዬ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ፣ አባዬ መስኮቱ አጠገብ ጫማ እየጠረገ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ልሞላው ነው አልኩ። ብትፈልጉም ባትፈልጉም ማለት አስቤ ነበር፤ ግን ልሞላው ነው ብቻ አልኩ።

የስፌት መኪናው ቆመ። አባዬ ብሩሹን አላቆመም።

ስሙን ጻፍኩ። ዕድሜውን ጻፍኩ። ቁመቱን እማዬ ነገረችኝ፤ በእጇ ከበሩ መቃን ላይ እየለካች፣ እዚህ ጋ ይደርሳል አለች፣ ይደርስ ነበር አላለችም። ልዩ ምልክት ለሚለው የግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አስጻፈችኝ። ብስክሌት ላይ ሆኖ ከእኔ ጋር ሲያወራ ከምሰሶ ጋር የተጋጨ ጊዜ ነው። ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ሲጠፋ ለብሶት የነበረው ልብስ ነው። እኔ ቢሮ ነበርኩ። እማዬ ገበያ ነበረች። ባዶ ልተወው ስል አባዬ ከመስኮቱ በኩል ተናገረ።

«ቡናማ ጃኬት። የኔን። ቀኝ ክርኑ የተጣፈ።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። «አይተኸው ነበር?»

ብሩሹን አስቀመጠ። ከጠቡ በኋላ አያልቅበት በሩን ዘግቶ ሲወጣ እዚሁ መስኮት ጋ ቆሞ እንደነበር ነገረን። ጎዳናውን አቋርጦ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል አልፎ፣ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ቆሞ ስልክ እንደደወለ፣ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ እንዳወራ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ትንሽ ቆየ።

«ዞር ይላል ብዬ ጠበቅኩ» አለ አባዬ። «ዞር ቢል እጠራው ነበር።»

ለማን እንደደወለ እኔ አውቃለሁ። ያንን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ተናገርኩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ። እማዬ እጄን ያዘችኝ። አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያላደረገውን።

ቅጹ መጨረሻ ላይ «ፈላጊ» ይላል፣ ከጠፊው ጋር ያለው ዝምድና። «እህት» ብዬ ጽፌ ነበር።

«እሱን ሰርዢው» አለ።

ሁሉንም የሚያፈርሰው መሰለኝ።

«የኔን ስም አስገቢ። አባት በይው።»

ሁለተኛውን ቅጂ አውጥቼ ከመጀመሪያው ገለበጥኩት፤ ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

ገጹ ለሁሉም ሰው ተከፈተ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ፋይሉን ራሳቸው አስገቡት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ አንድ። ሁኔታ፦ «ፍለጋ ላይ»።

አምስት ሰዓት ገደማ ጥበቃው መጥቶ አዳራሹ ውስጥ አንድ አዛውንት ኮምፒውተሩን ይዘው አልነሳ እንዳሉ፣ ወረፋው እንደረዘመ ነገረኝ። በበሩ መስታወት አየሁ። አባዬ ነው። የክት ኮቱን ለብሷል። እመጣለሁ አላለኝም፤ እማዬም አላወቀችም።

አልገባሁም። ጋሼ ጎንበስ ብለው እርዳታ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቁት ሰማሁ።

«አይ፣ አግኝቼዋለሁ» አላቸው። «ትንሽ ልቀመጥ ብቻ።»